አልማዝ የሚገዛ አስቀድሞ መሸጫውን ይጠይቅ

ለዕቃ ግዢ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ኮንቴይነሩን አስጭኖ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ዴራ ወደሚገኘው የወርቅ ገበያ ጎራ ማለቱ የተለመደ ነው። ወርቅ ሲገዛ ነገሩ ቀላል ነው። ሐብሉ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የዕለቱ የግራም ዋጋ ይነገራል፣ የእጅ ዋጋ ይጨመራል፣ ክርክሩም በዚያችው በእጅ ዋጋዋ ላይ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ግን ሻጩ ሌላ መሳቢያ ይከፍታል። በአምፖል ብርሃን የሚንቦገቦግ የአልማዝ ቀለበት ያወጣና ይህ ከወርቅ እንደሚበልጥ፣ ለመያዝ እንደማይከብድ፣ ዋጋውም ከዓመት ዓመት እንደሚጨምር ያስረዳል። በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያሳርፍ ግራ ለገባው ሰው ይህ አነጋገር ጆሮ ይስባል።

ጉዱ የሚታወቀው ቀለበቱ ለሽያጭ የወጣ ዕለት ነው። ፒያሳ ወደሚገኝ ወርቅ ቤት ቢወሰድ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ወርቁን መመዘንና የድንጋዩን ክብደት ከግራሙ ላይ መቀነስ ነው። ገዢውን ከወርቁ ብዙ እጥፍ ያስወጣው ድንጋይ ለወርቅ ቤቱ ከሚዛን የሚቀነስ ባዕድ ነገር ይሆናል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ወርቅ ቤቱን መውቀስ አይገባም። የድንጋዩን ደረጃ የሚለይበት መሣሪያ የለውም፤ ስለማያውቀው ዕቃ ገንዘብ አያወጣም። ጥያቄው ገዢው ስለማያውቀው ዕቃ ለምን ገንዘብ አወጣ የሚለው ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከአንዲት ቃል ነው። የአገራችን ገዢ ካራት ሲባል የሚያውቀው የወርቅን ንጽሕና ነው፤ 18፣ 21፣ 24። ቁጥሩ ከፍ ሲል የተደባለቀው ብረት ይቀንሳል። በአልማዝ ግን ካራት ክብደት እንጂ ጥራት አይደለም። አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 0.2 ግራም ነው። ሁለት ካራት አልማዝ ማለት ጥሩ አልማዝ ማለት ሳይሆን ትልቅ አልማዝ ማለት ነው። ጭስ የመሰለና ውስጡ የተሰነጣጠቀ ሁለት ካራት፣ ንጹሕ ከሆነው አንድ ካራት በርካሽ ሊገኝ ይችላል። ይህን ያልለየ ገዢ ሻጩ ከፍ ያለ ቁጥር በጠራለት መጠን ስለ ጥራት የተነገረው ይመስለዋል።

ሌላም አለ። የወርቅ ዋጋ ከክብደቱ ጋር እኩል ይራመዳል፤ አሥር ግራም የአምስት ግራም እጥፍ ነው። በአልማዝ ግን ትልቅ ድንጋይ ብርቅ ስለሆነ የእያንዳንዱ ካራት ዋጋ ራሱ ከድንጋዩ መጠን ጋር ያድጋል። ሁለት ባለ ግማሽ ካራት ድንጋዮች ተደምረው ተመሳሳይ ጥራት ያለውን የአንድ ካራት ድንጋይ ዋጋ አይደርሱም። ስለዚህ ሻጭ "ባለ አንድ ካራት ቀለበት" ሲል የአንድ ድንጋይ ክብደት ነው ወይስ በዙሪያው የተሰካኩት ሃያ ጥቃቅን ድንጋዮች ድምር? ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ዋጋው ደግሞ ደረጃ ደረጃ አለው። 0.95 ካራትና አንድ ካራት በጣት ላይ ሆነው በዓይን አይለዩም፤ በዋጋ ግን አንድ ካራት ሲሞላ ዘለል ይላል።

ጠራቢውን የሚፈትነው ይህችው ዝላይ ናት። ጥሬው ድንጋይ እንደሚገባው ቢቆረጥ 0.85 ካራት የሚወጣው ሆኖ ሳለ፣ ሆዱ ወፍሮ ቢተው አንድ ካራት ይመዝናል። እንዲህ ሲሆን ገዢው ለማይታይ ክብደት ይከፍላል። በዚያ ላይ ከላይ የገባው ብርሃን ወደ ዓይን በመመለስ ፋንታ በታች ይሾልክና የድንጋዩ መሐል ጠቁሮ ይታያል። ማርሴል ቶልኮውስኪ የተባለው ቤልጂየማዊ በ1919 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው የአልማዝ ማዕዘኖች ስንት ቢሆኑ ብርሃን በተሻለ ሁኔታ እንደሚመለስ በሂሳብ አሳይቷል፤ የክብ አልማዝ አቆራረጥ ዛሬም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ገዢ ሂሳቡን ማወቅ አይጠበቅበትም። ጥሩ መለኪያ ይበቃዋል። በደንብ የተቆረጠ ክብ አንድ ካራት አልማዝ ከላይ ሲለካ ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 6.1 ከሆነ የቀረው ክብደት ሆዱ ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው።

አልማዝ የሚመዘነው በክብደት፣ በቀለም፣ በንጽሕናና በአቆራረጥ ነው። ከአራቱ ሻጭ አብዝቶ የሚያወራው ክብደቱን ነው፤ በጥቂቱ የሚያወራው አቆራረጡን ነው። ብልጭታውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን አቆራረጡ ነው። የሱቅ አምፖል ደግሞ መጥፎውንም ያስደንሰዋል። ድንጋዩ ወደ መስኮት ወጥቶ በተራ የቀን ብርሃን፣ ከዚያም በእጅ ጥላ ሥር መታየት አለበት። በጥላ ሥርም የሚያበራ ከሆነ ጠራቢው ሥራውን ሠርቷል።

በቀለም ረገድ በ1931 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በምህጻሩ ጂአይኤ የሚባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም መለኪያ ቀለም የለሽ ከሆነው "ዲ" ተነሥቶ ቢጫነት እስከሚያጠቃው "ዜድ" ይወርዳል። ከ"ኤ" ያልተጀመረው ነጋዴዎች ቀደም ብለው ኤ፣ ኤኤ፣ ኤኤኤ እያሉ ፊደሉን ዋጋ ስላሳጡት ነው። አበሻ የሚወደው ቢጫ ወርቅ ቀለሙን ለድንጋዩ ያካፍላል፤ በዚህ ላይ "ዲ" አስክቶ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ "ጂ" ወይም "ኤች" ይበቃል። በንጽሕናም እንዲሁ ነው። ደረጃው የሚወሰነው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ስለሆነ "ቪኤስ" የተባለው ደረጃ በባዶ ዓይን ንጹሕ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለመነጽሩ ነው። መፍራት የሚገባው ስንጥቅን ነው። አልማዝ ጠንካራ ነው ማለት አይሰበርም ማለት አይደለም፤ በመዶሻ ቢመታ ይፈነከታል። አንዳንድ ድንጋይ ስንጥቁ መስተዋት በመሰለ ነገር ተሞልቶ ይሸጣል። ይህም ወርቅ ሠሪው ቀለበቱን ለማስፋት እሳት ያቀረበ ዕለት ይጋለጣል።

ይህን ሁሉ ገዢ በዓይኑ ሊለይ አይችልም። የሚተማመነው በወረቀት ነው፤ ወረቀት ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ሻጩ ራሱ ያተመው "የዋስትና ካርድ" ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ባለጉዳይ ለራሱ አይመሰክርም። ገለልተኛ የሚባሉትም ይለያያሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ራፕኔት የተባለው የነጋዴዎች መገበያያ ደረጃ ያጋንናል በተባለ የመዛኝ ስም የወጡ ወረቀቶችን ከዝርዝሩ አስወጥቶ ነበር። በልቅ መዛኝ "ጂ" የተባለው ድንጋይ ጥብቅ መዛኝ ዘንድ ሁለት ሦስት ፊደል ሊወርድ ይችላል፤ "በቅናሽ ተገኘ" የሚባለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ወረቀቱ የዚያው ድንጋይ መሆኑም መረጋገጥ አለበት። በብዙ ድንጋዮች ወገብ ላይ የወረቀቱ ቁጥር በሌዘር ስለሚጻፍ በማጉያ መነጽር ይነበባል፣ ቁጥሩም በመዛኙ ድረ ገጽ ላይ ይጣራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ድንጋዩ ከምድር ወጣ ወይስ ከፋብሪካ? የሚለው ሆኗል። የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1954 እ.ኤ.አ. አልማዝ በፋብሪካ መሥራት ችሎ ነበር፤ ለጌጥ የሚሆነው ግን ገበያውን ያጥለቀለቀው ከ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ይህ ሐሰተኛ ድንጋይ አይደለም። እንደ ዚርኮን ወይም መስተዋት ሳይሆን በጠባዩ ራሱ አልማዝ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚታየው እስክሪብቶ መሰል መሞከሪያ ሙቀት የሚያስተላልፍበትን ኃይል ስለሚለካ ሁለቱንም "አልማዝ" ይላቸዋል። ስለዚህ ሻጭ በሙሉ ድፍረት መሞከሪያውን አስጩኾ ቢያሳይ ስለ ተፈጥሮነቱ ያስረዳው ነገር የለም። የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ልዩነቱ በዋጋ ላይ ነው። ዲ ቢርስ በ2018 እ.ኤ.አ. ላይትቦክስ በሚል ስም የላቦራቶሪ አልማዝ በካራት 800 ዶላር ማቅረብ ሲጀምር ብዙዎች ረከሰ ብለው ነበር። ፋብሪካዎች ሲበዙ ዋጋው ወርዶ ወርዶ ድርጅቱ በ2025 እ.ኤ.አ. ላይትቦክስን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጂአይኤም በዚያው ዓመት ለላቦራቶሪ አልማዝ እንደ ተፈጥሮው ዝርዝር የቀለምና የንጽሕና ደረጃ መስጠቱን ትቶ በጥቅል መመደብ ጀምሯል። ለመዋብ የሚገዛ ሰው ይህን ድንጋይ ቢመርጥ የሚነቀፍ አይደለም፤ እንዲያውም አስተዋይ ነው ሊባል ይችላል። የሚያከስረው በተፈጥሮ ድንጋይ ዋጋ መግዛት ነው።

ተፈጥሯዊው ቢሆንስ ገንዘብ ያስቀምጣል? በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ግሽበት ሲበረታ ሰዎች አልማዝ እንደ ቁጠባ እንዲገዙ ተሰብከው ነበር። እጅግ ንጹሕ የሆነው አንድ ካራት ድንጋይ በ1980 እ.ኤ.አ. ግድም 60 ሺህ ዶላር ደርሶ ብዙም ሳይቆይ ከግማሽ በታች ወረደ። በቅርቡም የተፈጥሮ አልማዝ ዋጋ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ እየቀነሰ ሲመጣ፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከ2 ሺህ ዶላር በታች የነበረው አንድ ኦውንስ ወርቅ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ከ4 ሺህ አልፏል። ሻጮች በዚህ ላይ ስለ ሮዝ አልማዝ ያነሣሉ፤ በአውስትራሊያ የአርጋይል ማዕድን በ2020 እ.ኤ.አ. ከተዘጋ በኋላ ብርቅነቱ መጨመሩም እውነት ነው። ያ ግን የጨረታ ቤት ዕቃ እንጂ ከመሳቢያ የሚወጣ አይደለም።

የዋጋው አሠራር ራሱ ለገዢው አያደላም። ነጋዴዎች የሚመሩበት የራፓፖርት ዝርዝር የጅምላ መጠየቂያ ዋጋ ነው፤ እነሱ እርስ በርስ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ይገበያያሉ። ተራው ገዢ በችርቻሮ ይገዛና ሲሸጥ ከጅምላው በታች ይቀበላል። ቀለበቱ ከሱቁ በር ሲወጣ ገንዘቡ ቀንሷል ማለት ነው።

ስለዚህ ድርድሩ ከመግዣው ሳይሆን ከመሸጫው መጀመር አለበት። "ይህን ድንጋይ የዛሬ ዓመት ብመልሰው ስንት ትሰጠኛለህ?" የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ማጉያ መነጽር የበለጠ ያሳያል። ሻጩ የሚመልስ ከሆነ በደረሰኙ ላይ ይጻፈው፤ ከሥሩም ድንጋዩ የተፈጥሮ ወይም የላቦራቶሪ መሆኑን፣ የእያንዳንዱን ድንጋይ ክብደትና የወረቀቱን ቁጥር ያስፍር። በአዲስ አበባ አልማዝ የሚሸጡ ወርቅ ቤቶችም ገዢ እስኪጠይቃቸው ሳይጠብቁ ይህን ማድረግ ቢጀምሩ የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው፤ መልሶ የሚገዛ ቤት ደንበኛ አያጣም። አልጽፍም ያለ ሻጭ ግን መልሱን ሰጥቷል። ያን ጊዜ ቀለበቱ አምሮ ከታየ ይገዛ፤ ወጪው ግን ከቁጠባው ሳይሆን ከሠርጉ ድግስ ሂሳብ ላይ ይያዝ።