የፍተሻ ሠንጠረዡን ማን ሞላው?

የጤና ጣቢያ ቀጠሮ፣ የብድርና ቁጠባ ሒሳብ፣ የተማሪዎች ምዝገባ፣ የሠራተኞች ጡረታ፤ በአገራችን የሚጻፍ ሶፍትዌር ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ላይ ከአንዲት ትንሽ ክላስ ጋር ይገናኛል። ይህች ክላስ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ፣ ጎርጎርዮሳዊውንም ወደ ኢትዮጵያ የምትለውጥ ናት። በአንድ ቀን ብትስት ስሕተቷ ወዲያው አይታይም፤ የሚታወቀው የብድሩ መክፈያ ሲያልፍ፣ የሕፃኑ ክትባት ሲዛባ፣ ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ሰው «ቀኑ ትክክል አይደለም» ተብሎ ሲመለስ ነው። የጃቫ መደበኛ የጊዜ ላይብረሪ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፤ የእኛን ግን አልያዘም። ጆዳ ታይም፣ ስሪቴን ኤክስትራና አይሲዩ የተባሉት ላይብረሪዎች ይዘውታል። ቢሆንም የራሱን ክላስ መጻፍ የሚመርጥ ተማሪ አይጠፋም። ምርጫውን አልነቅፍም፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክር ክላሷ በምን እንደተፈተሸች ነው።

የተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ ቀን አንድ የፍተሻ ሜተድ መጻፍ ነው። አሥር ቀን ለመፈተሽ አሥር ሜተድ ይጻፋል፤ ልዩነታቸው ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። ሌላው መንገድ በአንድ ሜተድ ውስጥ ቀኖቹን በዑደት ማስኬድ ነው፤ ይህ ደግሞ የመጀመሪያው ስሕተት ላይ ይቆማል፤ የቀሩት ዘጠኝ ቀኖች ደኅና ይሁኑ አይሁኑ አይታወቅም። ፓራሜትር ተቀባይ የአሃድ ፍተሻ ሁለቱንም ችግር ይፈታል። ሜተዱ አንድ ነው፤ መረጃው በሠንጠረዥ ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ራሱን ችሎ ያልፋል ወይም ይወድቃል። ጄዩኒት 4 ይህን የሚፈቅደው በክላስ ደረጃ፣ መረጃውን በኮንስትራክተር በማስገባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጄዩኒት 5 ወደ ሜተድ ደረጃ አወረደውና ሥራው ቀለለ። ኤንዩኒትና ፓይቴስትም ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው።

መሣሪያው ከቀለለ በኋላ ግን ጥያቄው ወደ ሠንጠረዡ ይዛወራል። ረድፎቹን ማን መረጣቸው? የሚጠበቀውስ መልስ ከየት መጣ?

ከእንጅባራ እንነሣ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ይከበራል። አንድ ተማሪ የ2013፣ የ2014 እና የ2015 ዓ.ም. በዓላትን በሦስት ረድፍ ቢያሰፍር ሦስቱም ጃንዩወሪ 31 ላይ ያርፋሉ። ጳጉሜን 6ን ፈጽሞ የማታውቅ፣ ቋሚ ልዩነት ብቻ የምትደምር ክላስ ሦስቱንም ታልፋለች፤ ሠላሳ እንዲህ ያለ ረድፍ ቢጨመርም ያው ነው። የ2016ቱ በዓል ግን ፌብሩወሪ 1 ላይ ዋለ፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለችና። ይህ አንድ ረድፍ ከቀሩት ሦስቱ ይበልጣል።

በየአራት ዓመቱ የሚመላለሰውን ዑደት የምታውቅ ክላስስ? እርሷን የሚይዛት ፈረሰኞቹ በበዓላቸው የሚዘክሩት አድዋ ነው። የድሉን በዓል ዛሬ የምናከብረው የካቲት 23 ሲሆን፣ ይህም ማርች 2 ላይ ይውላል። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይህ ቀን ማርች 1 ቀን 1896 ነው። የቀን ልዩነቱ የመጣው ከ1900 ነው። በጎርጎርዮሳዊው ሕግ 1900 ፌብሩወሪ 29 አልነበራትም፤ የእኛ ጳጉሜን 6 ግን ያለ ልዩነት በየአራት ዓመቱ ትመጣለች። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው ብላ የተነሣች ክላስ የሃያኛውንና የሃያ አንደኛውን ክፍለ ዘመን ረድፎች ሁሉ አልፋ አድዋ ላይ ትወድቃለች። ወደ ፊትም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ፤ መስከረም 1 ቀን 2093 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ነው፤ ያለፈው ዓመት ግን ዘመነ ሉቃስ አይደለም። ዛሬ የሚወለድ ሕፃን በሕይወት ሊደርስበት የሚችል ቀን ነው።

የሚጠበቀው መልስ ምንጭ ከዚህም የባሰ ጉዳይ ነው። ክላሷን አስኪዶ የወጣውን ውጤት ገልብጦ «የሚጠበቅ» በሚለው ዓምድ ውስጥ መለጠፍ፣ ወይም መረጃ አቅራቢው ሜተድ ውስጥ ያንኑ ቀመር ደግሞ መጻፍ፣ ፍተሻ አይደለም፤ ክላሷ ራሷ ተከሳሽ፣ ራሷ ምስክር ሆናለች። ገለልተኛ ምስክር ያስፈልጋል። አድዋ አንዱ ነው። ባሕረ ሐሳብ ሌላው ነው፤ 5500ን በዓመተ ምሕረቱ ላይ ደምሮ ለአራት ሲካፈል ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ዮሐንስ። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ ያም ጃንዩወሪ 7 ነው። ሠንጠረዡ ከኮዱ ተለይቶ በተራ የጽሑፍ ፋይል ከተቀመጠ፣ ጃቫ የማያነብ የባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ ረድፍ በረድፍ ሊያርመው ይችላል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ አይመስለኝም። የፓራሜትር ተቀባይ ፍተሻ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው፤ የኮድ መስመር መቀነሱ ሁለተኛ ነው።

«በምሳሌ መፈተሽ ቀርቶ በባሕርይ ይፈተሽ» የሚሉ አሉ። ክላሰንና ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረቡት ክዊክቼክ የከፈተው መንገድ ነው፤ መሣሪያው በዘፈቀደ ቀኖችን ያመነጫል፣ ወደ ጎርጎርዮሳዊ ተለውጦ የተመለሰ ቀን ከመነሻው ጋር መግጠሙን ያያል። ጠቃሚ ነው፤ ግን ሲሄድ አንድ ቀን የምትጨምር፣ ሲመለስ አንድ ቀን የምትቀንስ ክላስ ይህን ፍተሻ ሺህ ጊዜ ታልፋለች። አድዋን አታልፍም። ቲልማንና ሹልተ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ ፓራሜትር ተቀባይ የአሃድ ፍተሻን ሲያስተዋውቁ ሐሳባቸው ግቤቶቹን መሣሪያ እንዲፈልጋቸው ነበር፤ ያም ቢሆን ትክክለኛው መልስ ምን እንደሆነ የሚናገር ሰው አላስቀረም።

ሌላ ሠንጠረዥ ደግሞ ለውድቀት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተቀባይነት ሲኖራት ጳጉሜን 6 ቀን 2014 መመለስ አለባት። ጥቅምት 30 መግባት አለባት፤ የኢትዮጵያን ቀን በጎርጎርዮሳዊ የቀን ክላስ ውስጥ እንዳለ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም ብሎ ይጥላታል። የሚያልፉትንና የሚወድቁትን ቀላቅሎ በሜተዱ ውስጥ «ከሆነ» «ካልሆነ» እያሉ መለየት ፍተሻውን ራሱን ፍተሻ የሚያሻው ኮድ ያደርገዋል። ረድፎቹም ስም ይኑራቸው፤ «ሰባተኛው ወደቀ» ከሚል ዘገባ «አድዋ ወደቀ» የሚለው ለጥገና ይቀርባል።

በኦብጀክት ኦሪየንትድ ኮድ ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ ለአንዲት ክላስ ብቻ አይታሰርም። ፍተሻው በኢንተርፌሱ ላይ ከተጻፈ የተማሪው ክላስ፣ የጆዳ ታይምና የአይሲዩ ክላሶች በተራ ሊቀርቡበት ይችላሉ። ሁለቱ የተለያዩበት ረድፍ ራሱ የምርምር ግኝት ነው። ከቀን ውጭም ያው ነው፤ የአማርኛ ፊደላትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ የቀረውን የሚያጠፋ የጽሑፍ ማጽጃ ክላስ የአዊኛውን «ጘ» ሳያስተውል ይሰርዛል። ሠንጠረዡ ላይ አንድ የአዊኛ ቃል ብትኖር በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር።

በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ ግን የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የሽፋን መቶኛ ነው። ቅርንጫፍ የሌለው የቀን ቀመር በአንድ ረድፍ ብቻ መቶ በመቶ ይሸፈናል፤ ቁጥሩ ስለ አድዋ የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ የምጠይቀው ሠንጠረዡ ራሱ በአባሪነት እንዲታተም፣ ከ«ግቤት»ና ከ«የሚጠበቅ» ቀጥሎም «ምንጭ» የሚል ሦስተኛ ዓምድ እንዲኖረው ነው። ፈታኙ ኮዱን ለማንበብ ጊዜ ባይኖረው ያንን ዓምድ ለማንበብ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ዓምዱ ባዶ በሆነበት ረድፍ ላይም «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።