ላም አለኝ በሰማይ፦ ስለ ጠፋ የበረራ ደብተርና ስለማይጠየቀው መዝገብ ቤት

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልሱልን አልፈዋል፤ የተጻፈው የጠፋ እንደሆነስ ማን ይጠየቃል? ባለቤቱ ነው ወይስ ቅጂውን መያዝ ሥራው የሆነ መሥሪያ ቤት? በአገራችን መልሱ ከታወቀ ቆይቷል። “ጠፋብኝ” ያለ ዜጋ በደለኛ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ይመላለሳል፣ በጋዜጣ ያስነግራል፣ ምስክር ያቆማል። “ጠፋብን” ያለ መሥሪያ ቤት ግን “ፋይሉ የለም” ብሎ መስኮቱን ይዘጋል፤ የሚጠይቀውም የለም። ይህን የተገለበጠ ፍርድ በአንድ ጠባብ በሚመስል ጉዳይ በኩል ልሞግት እወዳለሁ፤ ጉዳዩም የአብራሪ የበረራ ደብተር ነው።

“አገር በዚህ ሁሉ መከራ ተወጥራ ሳለ የአብራሪ ደብተር ምን ቁም ነገር አለው?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ የሰው ሙያዊ ዕድሜ እንደ በረራ ያህል በተጻፈ ሰዓት የሚለካበት ሙያ ጥቂት ነው። ደብተሩ የጠፋ ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት በቅጡ ታስቦበት ሥርዓት የተበጀለት ሙያም እንዲሁ ጥቂት ነው። እኛ ደግሞ በአቪዬሽን ከአፍሪካ ቀዳሚዎች ነን ብለን የምንኮራ ሕዝብ ነን። እንግዲህ በምንኮራበት ሙያ እንመዘን።

ሰዓት የተጻፈበት ሕይወት

ባለሙያዎቹ ሎግ ቡክ የሚሉት ደብተር ሲያዩት ተራ መዝገብ ነው። ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና የምዝገባ ምልክቱ፣ የተነሣበትና ያረፈበት ቦታ፣ የበረራው ርዝመት፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ በዓይን እይታ ይሁን በመሣሪያ፣ በአዛዥነት ይሁን በረዳትነት፣ ስንት ጊዜ እንዳረፈ በየዓምዱ ይሰፍራል፤ ተማሪ ከሆነ የአስተማሪው ፊርማ ይታከልበታል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት የአየር መንገድ አብራሪ ከፍተኛ ፈቃድ የሚሻ ሰው ቢያንስ 1,500 ሰዓት መብረሩን ማስረዳት አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 100 ሰዓት በሌሊት፣ 75 ሰዓት በመሣሪያ የተበረረ ሊሆን ይገባል። ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 200 ሰዓት፣ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት በተከታታይ ለሠለጠነ ደግሞ 150 ሰዓት ይጠየቃል። ደብተሩ ከሌለ ሰዓቱ የለም፤ ሰዓቱ ከሌለ ፈቃዱ የለም፤ ፈቃዱ ከሌለም ሰውየው በሰማይ ያሳለፈው ዕድሜ ሁሉ እንደ ተረቱ ሆነ ማለት ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ደብተሩ ሲጠፋስ? በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚከተለው አሠራር ቀላል ነው። አብራሪው እስከዚያ ቀን የበረረውን ሰዓት ዘርዝሮ በፊርማውና በሕጋዊ አረጋጋጭ ፊት ቃሉን ይሰጣል። ያም ቃል በተገኘው ማስረጃ ሁሉ ይደገፋል፤ በበረረባቸው አውሮፕላኖች መዝገብ፣ በኪራይ ደረሰኝ፣ ባሠሩት ድርጅቶች ምስክርነት፣ ቀደም ሲል ለፈቃድ ሲያመለክት በሞላቸው ቅጾች። በዚህ መሠረት አዲስ ደብተር ይከፈትለታል። የዋሸ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ያጣል፤ በወንጀልም ሊጠየቅ ይችላል። የሥርዓቱ መንፈስ ይህ ነው፤ ዜጋው በመጀመሪያ ይታመናል፣ ቀጥሎ ይመረመራል፣ ሲዋሽ የተገኘ ይቀጣል። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ ዜጋው በመጀመሪያ ይጠረጠራል፣ ቀጥሎ ይንከራተታል፣ በመጨረሻም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

ይህ አሠራር የሚቻለው አንድ በረራ በአንድ ቦታ ብቻ ስለማይጻፍ ነው። አብራሪው በደብተሩ ይጽፋል፤ አየር መንገዱ የእያንዳንዱን አብራሪ የበረራ ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው ስምምነትም በአገሮች መካከል የሚበር እያንዳንዱ አውሮፕላን የጉዞ መዝገብ ይዞ እንዲበር ያዛል። ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ደግሞ በማመልከቻው ጊዜ የቀረበለትን ሰዓት በፋይሉ ያኖራል። ስለዚህ የአብራሪው ደብተር ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ ወይም በጎርፍ ቢወሰድ የጠፋው ከብዙ ቅጂዎች አንዱ ነው። የሚያሳስበው ጊዜ ነው። ለአውሮፕላን የጉዞ መዝገብ የተመከረው የማቆያ ጊዜ ያለፈውን የ6 ወር በረራ የሚሸፍን ብቻ ነው። ቢሮክራሲ ዛሬ ነገ ባለ ቁጥር ማስረጃ ይሞታል። ማዘግየትም ራሱ ማጥፋት ነው።

በ1983 ዓ.ም. የጠፋው

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲመሠረት አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ለመሆን የበቁት ሰዓት በሰዓት ላይ አጠራቅመው ነው። በደብረ ዘይት የሠለጠኑት የአየር ኃይል አብራሪዎችም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ ላይ የሠሩትን ታሪክ ያውቀዋል። ከእነርሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ ተማርከው በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ቆይተዋል። ለአገሩ የሚዋጋ አብራሪ ደብተሩን በኪሱ ይዞ አይወጣም፤ መዝገቤን አገሬ ትይዝልኛለች ብሎ ነው የሚበርረው።

አገር ያዘችለትን? በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ በጅምላ እንዲበተን ተደረገ። ከአብራሪዎቹ ከፊሎቹ አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር አስነሥተው ወደ ጂቡቲና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ሸሹ፤ ከፊሎቹ ወደ ተሃድሶ ካምፕ ተላኩ፤ ከፊሎቹም ተሰደው በሰው አገር ኑሮ ጀመሩ። ሠራዊት ሲበተን የሚበተነው ሰው ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱም አብሮ ይበተናል። ያን ጊዜ ለእነዚህ ሰዎች የሙያቸው ማስረጃ ተሟልቶ በእጃቸው ይሰጣቸው ዘንድ ያሰበ አልነበረም። አዲሱ መንግሥት የአሮጌውን ሥርዓት ጥፋት ለመቁጠር ሲተጋ፣ የድሀ አገር ገንዘብ የፈሰሰበትን ሙያ መቁጠር ረሳ።

አንድ የማውቃቸው ጡረተኛ አብራሪ፣ የቡሬ አካባቢ ተወላጅ፣ የበረራ ሰዓታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ፍለጋ ስሙን ወደማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት ሄደው ነበር። ጸሐፊዋ በአክብሮት ተቀብላ “አባቴ፣ ኦሪጂናሉን ይዘው ይምጡና እናረጋግጥልዎታለን” አለቻቸው። ኦሪጂናሉ ቢኖርማ ወደ እርስዋ ምን ያመላልሳቸው ነበር? በልጅቱ አልፈርድም፤ የተነገራትን ተናገረች። የምፈርደው ማረጋገጥ ማለት ዜጋው ያመጣውን ወረቀት ማኅተም መምታት ነው ብሎ ባስተማራት ሥርዓት ላይ ነው። መዝገብ ቤት የራሱ መዝገብ ከሌለው ማኅተሙ ምንድን ነው? ክብ ቀለም ብቻ።

“ማጭበርበር ይበዛል” ለሚሉ

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ማቃለል አይገባም። “ሰው በቃሉ ከታመነ ያልበረረውን በረርሁ የሚል ይበዛል፤ የሚሞተውም ተሳፋሪ ነው” ይላሉ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በካራቺ የመንገደኞች አውሮፕላን ከተከሰከሰ በኋላ የፓኪስታን የአቪዬሽን ሚኒስትር ከ860 አብራሪዎች የ262ቱ ፈቃድ አጠራጣሪ ነው ብለው ለምክር ቤት ተናገሩ፤ የአገሪቱ አየር መንገድም ወደ አውሮፓ እንዳይበር ታግዶ ለዓመታት ቆየ። ነገር ግን ክሱን ልብ በሉ። የተባለው አብራሪዎቹ ደብተር ጠፋብን ብለው አታለሉ አይደለም፤ ለፈቃድ የሚሰጠውን ፈተና ሌላ ሰው ተፈተነላቸው ነው። ይህ ደግሞ በመስኮቱ ውጭ በቆመው ባለጉዳይ ብቻ የሚፈጸም ነገር አይደለም። ማጭበርበርን የሚይዘው የቅጂዎች መብዛትና እርስ በርስ መመሳከር ነው። መዝገብ የሌለው መሥሪያ ቤት ሐሰተኛውን ለመያዝ አይችልም፤ የሚችለው እውነተኛውን ማንገላታት ብቻ ነው። ሐሰተኛውማ ወረቀቱን አሳምሮ ይዞ ይመጣል!

ደግሞም የጠፋ ሰዓት ተመለሰ ማለት ሽማግሌው ነገ ማለዳ አውሮፕላን ይዘው ይነሣሉ ማለት አይደለም። የጤና ምርመራ አለ፤ የቅርብ ጊዜ ልምምድ ይጠየቃል፤ ፈታኝ አጠገብ ተቀምጦ ይመዝናል። ደብተሩ የሚመሰክረው ያለፈውን ነው፤ የዛሬውን ብቃት የሚመሰክረው ፈተናው ነው። ሁለቱን አደባልቆ “ለደኅንነት ስንል ነው” ማለት ስንፍናን የጥንቃቄ ካባ ማልበስ ነው።

መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ ያየ የለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች ለቅሶ ላይ ሳሉ በውጭ አገር የአብራሪዎቻችን ችሎታ መጠየቅ ጀመረ። የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሳም ግሬቭስ በአሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ይወጡት ነበር እስከማለት ደረሱ። ያን ጊዜ ሰዓቱ ተጽፎ ተገኘ፤ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 8,122 ሰዓት፣ ረዳቱ አህመድኑር መሐመድ 361 ሰዓት። የበረራ መረጃ መቅጃውም የሆነውን ተናገረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ቦይንግ የአሜሪካን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በማታለል በቀረበበት የወንጀል ክስ ድርጊቱን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። የሟቾቹን ስም የተከላከለላቸው ጩኸታችን አልነበረም፤ መዝገቡ ነው። “የካፒቴኑ ፋይል ጠፍቶብናል” ብለን ቢሆን ኖሮ ምን እንባል እንደነበር አንባቢ ይገምት።

ከሰማይ ወደ ምድር

የአብራሪው ደብተር ነገር የሰማይ ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል ገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር አለው፤ በ1990ዎቹ የተጀመረው ምዝገባ የባልንና የሚስትን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የያዘ ደብተር በእጁ ሰጥቶታል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገበሬ ይህን ደብተር በሣጥን ቆልፎ ያኖረዋል፤ ቅጂው በወረዳው መሬት አስተዳደር መዝገብ ይቀመጣል። ሥርዓቱ በመርሕ ደረጃ ከአብራሪው ሥርዓት ጋር አንድ ነው፤ ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ጠባቂ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ወዲህ ግን ጦርነቱ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ዘልቋል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ጽሕፈት ቤት ተዘርፏል፣ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። በዩኒቨርሲቲ መምህርነቴ የምስክር ወረቀቱ ስለጠፋበት ብቻ መንገዱ የተዘጋበት ወጣት አጋጥሞኛል። ሰላም ሲወርድ ደብተሩ የተቃጠለበት ገበሬና የትምህርት ማስረጃው የጠፋበት መምህር ወደ መስኮቱ መምጣታቸው አይቀርም። በ1983 ዓ.ም. ለአብራሪው የተሰጠው መልስ ይሰጣቸው ይሆን? “ኦሪጂናሉን አምጣ” ይባሉ ይሆን?

ሁሉን በኮምፒውተር እናስገባለን የሚሉ አሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ኃላፊነት ካልተለወጠ የሚለወጠው ምክንያቱ ብቻ ነው፤ ትናንት “ፋይሉ የለም” ይባል ነበር፣ ዛሬ “ሲስተም የለም” ይባላል።

ሕጉም ቢሆን ባዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2003 ላይ፣ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ጽሑፉ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መውደሙ ከተረጋገጠ በምስክር ሊረጋገጥ እንደሚችል ደንግጓል። ከ60 ዓመት በፊት ለውል የታሰበው ለሰው ሙያና ለሰው ርስት ለምን አይታሰብም?

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅጂው በእጁ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ በተወሰነ ቀን ውስጥ የተረጋገጠ ግልባጭ ይስጥ፤ “ኦሪጂናል አምጣ” ማለት ይከልከል። ሁለተኛ፣ የእርሱም ቅጂ ከጠፋ መቼና እንዴት እንደጠፋ በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ከዚያ በኋላ የዜጋው የቃለ መሐላ ማስረጃ፣ ደጋፊ መረጃ እስከቀረበለት ድረስ፣ ሐሰት መሆኑ እስኪረጋገጥ እንደ እውነት ይቆጠር። ሦስተኛ፣ በመንግሥት ለውጥና በጦርነት መዝገባቸው ለተበተነ ሰዎች፣ ከቀድሞዎቹ የአየር ኃይል አብራሪዎች ጀምሮ፣ በሕይወት ያሉ ባልደረቦቻቸው ሳያልፉ ምስክርነታቸው ይሰብሰብ፤ በየስኳድሮኑ የተረፈው ወረቀት ይመርመር።

ሦስተኛው ጊዜ አይሰጥም። የሰው ምስክር እንደ ወረቀት ተቆልፎ አይቀመጥም፤ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ሰማይ የበረረ ወጣት ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እርሱ ሲያልፍ ሰዓቱን የሚያውቅ አይኖርም፤ በዚያ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ላንድ ጊዜም ቢሆን እውነቱን ይናገራል፤ በእርግጥም ፋይሉ የለም።

ቸር ይግጠመን።