አሮጌውን ሶፍትዌር ለምን እናጠፋለን?

በምዕራብ አርማጭሆ የምትገኘው አብደራፊ በሰሊጥ እርሻዋ ትታወቃለች። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ከሚወርዱት የቀን ሠራተኞች መካከል ግን ከደመወዛቸው ጋር ካላአዛርን ይዘው የሚመለሱ አሉ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በበጋ በሚሰነጣጠቀው የዋልካ አፈርና በግራር ዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ የሚያድረው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ካላአዛር ካልታከመ ይገድላል። ስለሆነም የአፈር፣ የዝናብና የሙቀት መረጃን አጣምሮ ስጋቱ የሚበረታበትን ቦታ በካርታ ማሳየት ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የሚሆን ሥራ አይደለም፤ የመመርመሪያ መሣሪያና መድኃኒት ወዴት ይላክ ለሚለውም ጥያቄ ያገለግላል።

እንዲህ ያለው ካርታ የሚሠራው በሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌር ደግሞ ይለዋወጣል። «አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን አጥፋ» የሚለው ምክር በኮምፒውተር ክፍሎች የተለመደ ነው። እኔ ግን ይህ ምክር ለሳይንስ ሥራ አይበጅም ባይ ነኝ።

ምክንያቱን «አር» በተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም እንመልከት። የስጋት ካርታ የሚሠራ ተማሪ ብዙውን ጊዜ መረጃውን በዕጣ ለሁለት ይከፍላል፤ አንዱ ክፍል ሞዴሉን ለመገንባት፣ ሌላው ለመፈተን ይውላል። ዕጣው በሌላ ቀን ሲደገም ያው እንዲወጣም መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የወጣው አር 3.6.0 ግን ዕጣ የሚወጣበትን ስሌት ቀየረ። ለውጡ ተገቢ ነበር፤ የቀድሞው ስሌት እጅግ ትልቅ ከሆነ ስብስብ ሲመርጥ ዕድሉን ለሁሉም እኩል አያደርግም ነበርና። ይሁን እንጂ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በወጣው 3.5.3 የተሠራ ጥናት፣ ያው መረጃ፣ ያው ትእዛዝና ያው መነሻ ቁጥር ተሰጥቶት በአዲሱ ሲደገም ሌሎች ናሙናዎች ይመረጡለታል። ናሙናው ጥቂት ከሆነ በስጋቱ ወሰን ላይ ያለች መንደር ከቀይ ወደ ቢጫ ልትሻገር ትችላለች። አማካሪው «ያለፈውን ዓመት ውጤት ደግመህ አሳየኝ» ቢሉት ተማሪው ምን ይመልሳል? አር የቀድሞውን ስሌት የሚመልስ የአንድ መስመር ትእዛዝ እንዳለው አይካድም። ሆኖም ያንን የሚጽፈው ለውጡ መኖሩን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው።

የካርታ ሥራው ፕሮግራም ኪውጂአይኤስም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ወደ 3.0 ሲሸጋገር ፓይተን 2ን ትቶ ፓይተን 3ን ያዘ፤ ለ2.18 የተጻፉ ተጨማሪ መሣሪያዎችም ካልታደሱ በቀር አልሠሩም።

ደግነቱ ሁለቱም ፕሮግራሞች ጎን ለጎን መኖርን ይፈቅዳሉ። በዊንዶውስ ላይ አር እያንዳንዱን እትም ቁጥሩን በያዘ የራሱ ፎልደር ውስጥ ይጭናል፤ የ3.5ና የ3.6 ጥቅሎችም አይደባለቁም። መደናገር የሚመጣው ፕሮግራሙ በስሙ ብቻ ሲጠራ ነው። ኮምፒውተሩ የፎልደሮችን ዝርዝር በተራ ፈትሾ መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል፤ እሱ ግን የፈለግነው እትም ላይሆን ይችላል። ሙሉ አድራሻውን መጻፍና የእትሙን ቁጥር ከውጤቱ ጋር መመዝገብ የሚበጀው ለዚህ ነው። ለነገሩ ሁለት ነገር ጎን ለጎን መያዝ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የጤና ጣቢያ መዝገብ መስከረም 2010 ሲል የሳተላይቱ ምስል ሴፕቴምበር 2017 ይላል፤ አንዱን ሰርዞ ሌላውን ያስቀረ የለም።

«የዲስክ ቦታ ይፈጃል» የሚለው ተቃውሞ ለአር ያን ያህል አይከብድም፤ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ለሚወስደው ኪውጂአይኤስ ግን እውነት አለው። የደህንነቱ ተቃውሞ የበለጠ ይመዝናል። አሮጌ ሶፍትዌር የታወቁና ያልተደፈኑ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይችላል። ስለዚህ ክርክሬ ኢንተርኔት መቃኛንና ኦፐሬቲንግ ሲስተምን አይመለከትም፤ እነርሱ ይታደሱ። አሮጌው የስሌት ፕሮግራምም ከኢንተርኔት በተለየ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል።

«ሲያስፈልግ ከኢንተርኔት እናወርደዋለን» የሚሉም አሉ። የአር የቀድሞ እትሞች በእርግጥ በማኅደሩ ይገኛሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ የሚሠራው ቀድሞ በእጅ የተያዘው ብቻ ነበር። ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲረከቡ ከመረጃው ጋር የፕሮግራሙን መጫኛ ፋይልና የጥቅሎቹን ቅጂ በአንድ ፍላሽ ዲስክ ቢጠይቁ ወጪው የፍላሹ ዋጋ ብቻ ነው።