ሕዋስንስ ከሕዋስ ምን አያያዘው?

በሁለተኛ ደረጃ ሳለን ስለ ሕዋስ የተማርነውን እስቲ እናስታውስ። አንድ ክብ ይሳላል፤ መሐሉ ላይ ኑክለስ፣ ዙሪያውን ገለፈት፤ ቀስት እየተሰካ ስም ይጻፍበታል። ፈተና ላይ የሚመጣውም ያው ክብ ነው። ከዚያ «ኅብረ ሕዋስ የተመሳሳይ ሕዋሳት ስብስብ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስብስብማ ማሾም በቁና ውስጥ ስብስብ ነው፤ ቁናው ሲገለበጥ ግን ይፈሳል። ታዲያ የእጃችን ቆዳ ለምን አይፈስም? ይህን የማይመልስ ትምህርት በእኛ አስተያየት ለልጆች ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጣቸው።

«ላቦራቶሪ የለም» የሚለው ምክንያትም እዚህ ላይ አይሠራም። በሸዋ ሮቢትና በቀወት ቆላ በመስኖ የሚለማው ቀይ ሽንኩርት ራሱ ላቦራቶሪ ነው። የሽንኩርት ሕዋሳት እንደ ግንብ ድንጋይ ጎን ለጎን ተደርድረው የሚኖሩ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ጭቃ ፔክቲን ይባላል። ጥሬው ሽንኩርት ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሸው፣ ድስት ውስጥ ሲቁላላ ደግሞ ሟሽሾ ከወጡ ጋር አንድ የሚሆነው ለምንድነው? ሙቀቱ ፔክቲኑን ስለሚፈታው ሕዋሳቱ ይላቀቃሉ። እናቶቻችን በየቀኑ የሚሠሩት ሙከራ ነው። ማንጎም ሲበስል የሚለሰልሰው ያንኑ ጭቃ የሚበሉ ኢንዛይሞች ስላሉት ነው።

የሰውና የእንስሳ ሕዋስ ግን ግንብ የለውም። እጅ ለእጅ ነው የሚያያዘው ቢባል ይቀላል፤ እጆቹም ከገለፈቱ የሚወጡ ፕሮቲኖች ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሆነውን ካድሄሪንን ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባካሄደው ምርምር አሳውቆታል። ካልሲየም ከሌለ ካድሄሪን መያዣውን ይለቃል። ከዚያ አስቀድሞ በ1907 (እ.ኤ.አ.) ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ በጨርቅ አጥልሎ ሕዋሳቱን በታተናቸው። እነሱ ግን ተፈላልገው ተያያዙና እንደገና ስፖንጅ ሆኑ! እንዲህ ያለው ነገር ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ቢነገረው የሚረሳ ይመስላችኋል? ዶማ የጨበጠ ልጅም እጁ ውሃ ሲቋጥር ያውቀዋል፤ ፍትጊያው የላይኛውን ቆዳ ሕዋሳት አላቆ ክፍተቱን ውሃ ሞላው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህ ቆላ ይህን ትምህርት የሚፈልገው ስለ ወባ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ሥራው መሄድ ነው፤ መጣበቅ የለበትም። ፕላዝሞድየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ሲያድግ ግን የራሱን ፕሮቲን በሕዋሱ ገጽ ላይ ያወጣና ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ይህን የሚያደርገው ጣፊያ ውስጥ አልፎ እንዳይጠፋ ነው። ቀጫጭኖቹ የአንጎል ደም ሥሮች በዚህ ሲታፈኑ ልጁ ይንዘፈዘፋል፤ ራሱንም ይስታል። «ለክፎት ነው፣ እስኪነጋ እንየው» ከሚል ጎረቤት ጋር የሚነጋገረው ማነው? ብዙ ጊዜ የገጠሩ መምህር ነው። ወደ ጤና ኬላ ዛሬውኑ ውሰዱት ሲል ለምን እንደሆነ ማስረዳት ካልቻለ ማን ይሰማዋል?

በመሆኑም ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት በሳይንስ ትምህርት ዕቅዳችን ላይ ስለ ሕዋሳት መያያዝ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲጨመርልን መምህራኖቻችንን እንጠይቃለን። ሽንኩርቱንና ድስቱን እኛ እናመጣለን።