ችግኝ ያጣው የቤተ ክርስቲያን ደን



ከጎንደር ተነሥታችሁ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ስትጓዙ ግራና ቀኝ የሚታያችሁ ማሳ፣ ግጦሽና ባሕር ዛፍ ነው። በመካከሉ ጥቅጥቅ ያለ አገር በቀል ዛፍ ካያችሁ ማንንም ሳትጠይቁ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ታውቃላችሁ። ጽዱና ወይራው ተጠግቶ የተረፈው በዚያ ነውና። ስላቆዩልን አባቶቻችንን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ምስጋናችን ብቻውን ደኑን አያቆየውም።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተዋል። በእነዚህ ጥቂት ቦታዎች ያገኟቸው የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነቶች 168 ናቸው። ደስ የሚያሰኘው ይህ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ በትልልቆቹ ዛፎች ሥር የሚተካ ችግኝ አለመበርከቱ ነው፤ የበቀለውን ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋልም። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ተቀብሮ አይቆይም። ስለዚህ እናት ዛፍ ያለ ተተኪ ከወደቀች በኋላ በዚያ ስፍራ የሚጠበቅ ዘር የለም። ሽማግሌዎች ብቻ የሚያስቀድሱበት አጥቢያ ምን እንደሚመስል እናንተ ታውቃላችሁ።

ጥናቱ በመደርደሪያ አልቀረም። እርሳቸውና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ካህናቱን ሰብስበው ደኖቻቸው ከሰማይ ሲታዩ ምን ያህል እንደ ጠበቡ በሳተላይት ምስል አሳዩአቸው። መፍትሔውም የድንጋይ ካብ ሆነ። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ስለሚለቀም ለገበሬው ማረሻ እፎይታ ነው፤ ከካቡ ውስጥ ደግሞ ከብት ስለማይገባ ችግኙ ያድጋል። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ምሥጢር አልነበረም ማለት ነው።

ከተማችን ጎንደርም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር 12ቱ ማማዎች የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ መሆናቸውን ለእንግዳ ሁሉ እንነግራለን። ያ ቅጥር ዛፎቹንም አብሮ እንደ ጠበቀ ግን ስንቶቻችን አስተውለናል?

ባሕር ዛፍ የሚተክሉ አጥቢያዎችን ለመውቀስ አልጻፍሁም። የካህናት ደመወዝ፣ ዕጣንና ጧፍ በምስጋና አይገዙም። ባሕር ዛፉ ከካቡ ውጭ ይሁን፤ በውስጥ ግን ለአገር በቀሉ ቦታ ይተውለት ብዬ እለምናለሁ።

ተፈጥሮን መጠበቅ ነዋሪውን ዋጋ ሲያስከፍልም አይተናል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ካንዣበባቸው ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 ሲወጣ፣ በመካከሉ የግጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በአጥቢያ ደን ግን ጠባቂውም ባለቤቱም ምእመኑ ራሱ ስለሆነ ማንም ከቤቱ አይነሣም።

የአባታችን የአዳም የመጀመሪያ ሥራ የአትክልት ቦታ መጠበቅ እንደ ነበረ ተምረናል (ዘፍ. 2፥15)። እንግዲህ የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ፣ ክረምት ያበቀለው ገና ሳይረገጥ፣ በየአጥቢያችሁ ደን ውስጥ 10 እርምጃ በ10 እርምጃ ለኩ፤ ችግኙን በየዓይነቱ ቁጠሩና በመዝገብ ጻፉ። የዛፎቹን ስም የማያውቅ ወጣት አረጋውያንን ይጠይቅ። በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ቦታ ደግማችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ከቀነሰ መዝገቡን ይዛችሁ ወደ ሰበካ ጉባኤው ግቡ፤ ካብም ጠይቁ። ድንጋዩን ለመልቀም የመጀመሪያዎቹ እናንተ ሁኑ።