ኩፍኙስ ወጣለት፤ ልጁስ?

ለመስክ ትምህርት ከቢሾፍቱ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት መንደር ከብት ልንከትብ ሄደን ነበር። የአባ ሰንጋ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዘናል፤ ከብቱ በረድፍ ቆሞ ይጠብቃል፤ የባለቤቱ ስም፣ የከብቱ ዕድሜና መልክ በመዝገብ ይጻፋል። ጊደር ይዘው ከቆሙ አንዲት እናት ቀሚስ ሥር አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተለጥፎ ነበር። ከጆሮው መግል ይወርዳል፤ ስንጠራው አይዞርም። «እትዬ፣ ልጁን ምን ነካብዎ?» አልናቸው። «ዓምና ኩፍኝ ይዞት ነበር። ኩፍኙስ ወጣለት፤ ልጁ ግን አልተመለሰልኝም» አሉን። ከዚያ ወዲህ ሳል፣ ተቅማጥና የጆሮ ሕመም እየተፈራረቁበት መክሳቱን፣ ወደ ሕክምና ወስደውትም «ኩፍኙ አልፏል» ተብለው መመለሳቸውን ነገሩን።

ጊደሯ ተከተበች፤ ተጻፈችም። ልጁ ግን የተጻፈበት መዝገብ ከተዘጋ ዓመት ሆኖታል።

ማታ ወደ መኝታ ቤታችን ተመልሰን ስንከራከር ካመሸን በኋላ ይህን ጽሑፍ ለማውጣት ተስማማን። ከብትና ሕፃን ማነጻጸራችንን አንባቢ እንደ ቧልት እንዳይቆጥርብን እንለምናለን፤ ነገሩ ሥጋ ዘመድነት ያለው ነውና። የኩፍኝ ቫይረስና ባላገሩ «ደስታ» ብሎ በሽሙጥ የሚጠራው የከብት በሽታ ቫይረስ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የሰው ኩፍኝ ከጥንቱ የከብት ቫይረስ ተገንጥሎ የወጣ መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ጥናትም መለያየታቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ ስድስተኛው መቶ ዓመት ድረስ ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል ገምቷል። ሁላችንም ይህን በክፍል ውስጥ ተምረናል፤ ለፈተናም ጽፈነዋል።

ደስታ ለኢትዮጵያ ምን እንደነበረ አያቶቻችን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ገብቶ ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን ፈጀ። ገበሬው በሬ አጣ፤ እርሻው ቆመ፤ ክፉ ቀን የሚባለው ያ የረኃብ ዘመን መጣ። ከዚያም በኋላ በሽታው ከአገሩ ሳይወጣ አንድ መቶ ዓመት ያህል ኖረ። ዛሬ ግን የለም። የመጨረሻው ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 በአፋር ነው፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. አገራችን ከደስታ ነፃ መሆኗ ታወቀ፤ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ክትባቱ ይመረት ከነበረባቸው ሥፍራዎች አንዱ እዚሁ ቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ነው። እንዲያውም ለምርምር የተረፈውን የደስታ ቫይረስ በአደራ እንዲያስቀምጡ ከተፈቀደላቸው ጥቂት የዓለም ተቋማት አንዱ በዚችው ከተማ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። የከብቱ በሽታ በከተማችን ተቆልፎበት ተቀምጧል፤ የሕፃኑ በሽታ ግን በየሠፈሩ እንደ ልቡ ይዘዋወራል።

ያ ሥራ በተአምር የተፈጸመ አይደለም። የተከተበ ከብት ጆሮው ላይ ምልክት ይደረግበት ነበር። ክትባቱ መሥራት አለመሥራቱ ደም እየተቀዳ ይመረመር ነበር። በረዶ በማይደርስበት በአፋር በረሃ ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኝቶ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ራሳቸው ይከትቡ ነበር። በሽታው ከጠፋ በኋላ እንኳ ክትትሉ ለዓመታት አልቆመም። ባጭሩ፣ «አለፈ» የሚለውን ቃል ማንም እንደ ወረደ አልተቀበለም።

ስለ ኩፍኝ ግን ይህን ቃል ሁላችንም እንቀበላለን፤ ቤተሰቡም፣ መዝገቡም፣ እኛም።

ሕፃኑ ሽፍታው ሲጠፋለት ዳነ እንላለን። የኩፍኝ ቫይረስ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠቃው ያለፉትን በሽታዎች የሚያስታውሱትን የሰውነት ወታደሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት በኔዘርላንድ ያልተከተቡ 77 ሕፃናት ደም ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ ተመርምሮ፣ ከቀድሞው የመከላከያ ሀብታቸው ከመቶ 11 እስከ 73 የሚሆነውን አጥተው ተገኙ። ይህም ማለት ልጁ ከዚያ በፊት ታግሎ ያሸነፈውን ጉንፋን፣ የሳንባ ምችና ተቅማጥ እንደ አዲስ ይጀምረዋል ማለት ነው። ይህ ድካም ሁለትና ሦስት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ሌሎች ጥናቶች አመልክተዋል። እንግዲህ ኔዘርላንዳዊው ልጅ የጠገበ ነው፤ ቤቱ ንጹሕ፣ ሐኪሙ ቅርብ ነው። የኛን ልጅ አስቡት። በስድስተኛው ወር በሳንባ ምች ቢሞት ሞቱ በሳንባ ምች ይጻፋል እንጂ ኩፍኝን ማን ያነሣዋል?

ሌላም አለ። ጆሮ ይመግላል፤ መግሉ ሲቆይ መስማት ይደክማል። በምግብ እጦት ቫይታሚን ኤ ባነሰው ልጅ ላይ የዐይን ብሌን ይቆስላል፤ ጠባሳው ብርሃን ይጋርዳል። በጣም ጥቂት በሆኑት ላይ ደግሞ፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው በተያዙት ላይ፣ ቫይረሱ በአንጎል ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሰባት ወይም ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ ይነሣል፤ ጎበዙ ተማሪ ትምህርቱ ይጠፋበታል፣ ይጥለዋል፣ መጨረሻውም ሞት ነው። ይህን የመሰለ ልጅ ቤተሰቡ «ዐይን በላው» ወይም «ክፉ መንፈስ ለከፈው» ቢል አንፍረድበት፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የወጣለትን ኩፍኝ እንዲያስታውስ የነገረው የለም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የበለጸገው ዓለም ከኮቪድ በኋላ ድካምና ራስ ምታት ስለሚቆይባቸው ልጆች ብዙ ጽፏል፤ ክሊኒክም ከፍቶላቸዋል። ደግ አደረገ። ነገር ግን ቫይረስ ከሄደ በኋላ ጠንቁ በሕፃን ላይ እንደሚቀር ለመማር ኢትዮጵያዊ ኮቪድን መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር። በፖሊዮ የሰለለ እግር በየአውቶቡስ ተራው አይተን ያደግን ነን። ፖሊዮ ምልክቱን በግልጽ ስለሚተው አዘንንለት፤ ኩፍኝ ግን ስውር ሌባ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከመካከላችን ታናሽ ወንድሙ ኩፍኝ ሲይዘው እናቱ ጨለማ ክፍል ዘግተውበት፣ ፀሐይ እንዳያየው፣ ውኃም እንዳይነካው ያደረጉበት አለ። እሱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ የቫይረሱን ስም በላቲን ያውቃል፤ ነገር ግን አፉን አልከፈተም። «እናቴን እንዴት ላርማት?» ይለናል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ በሁለት ተከታታይ ቀናት ቫይታሚን ኤ እንዲሰጠው የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክር፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅም መጠኑ በየቀኑ 200,000 ዩኒት እንደሆነ፣ ዐይኑን ካመመው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሦስተኛ እንደሚጨመርለት ለማን ነገርን? ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ዐይን ያድናል። ዕውቀታችን በእንግሊዝኛ ገብቶ በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ በመካከሉ በአማርኛ «ኩፍኝ» በኦሮምኛ «ጊፊራ» ለሚለው ሰው አይደርስም።

«ከብት ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ጎትቶ ያመጣዋል፤ ሰው ግን እምቢ ይላል» የሚሉን አሉ። እውነት አለው፤ ኩፍኝም ከደስታ ይልቅ በፍጥነት ይዛመታል፤ አንዱ በሽተኛ ካልተከተቡት መካከል ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል፤ እሱን ለመግታት ከመቶ 95 ልጅ መከተብ ይገባዋል። በአገራችን የመጀመሪያው ክትባት በዘጠኝ ወር፣ ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በ15 ወር ይሰጣል። ነገር ግን የዐሥር ልጅ ብልቃጥ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በኋላ ስለሚጣል፣ ሁለት እናቶች ብቻ በመጡ ቀን «ነገ ተመለሱ» ይባላል። ሁለት ሰዓት በእግር የመጣች እናት ነገ ትመለሳለችን? እንግዲህ ሁልጊዜ እምቢ ያለው ሕዝቡ ነው ማለት አይቻልም።

እኛ የምንጠረጥረው ሌላ ምክንያት ነው፤ ቢመርም እንናገረዋለን። በሬ ዋጋ አለው። በሬ ሲሞት ምን ያህል ብር እንደጠፋ መንግሥትም አበዳሪም ያሰላሉ። ለበግና ፍየል «ደስታ መሰል» በሽታ እንኳ ዓለም የመጥፊያ ዓመት ቆርጦለታል፤ እ.ኤ.አ. 2030 ነው። ኩፍኝን ከአፍሪካ ለማስወገድ የተቆረጠው 2020 ግን እንዲሁ አለፈ። ለእኒያ እናት «ልጁን አዲስ አበባ ለጆሮ ሐኪም ያሳዩት» ስንላቸው ትክ ብለው አይተውን «ጊደሯን ሸጬ?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ስም ሽፍታው ሲጠፋ አይሰረዝ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠየቅ፤ ይመዘን፤ ጆሮውና ዐይኑ ይታይ። አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩ «ኩፍኝ ይዞት ያውቃል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ «ደንቆሮ» እየተባለ የሚገረፈው ልጅ ምናልባት በእርግጥ የማይሰማ ነው። ይህን ለሚመለከታቸው በደብዳቤ ጽፈናል።

እስከዚያው ግን ክረምት መጥቶ ወደየአገራችን መበተናችን ነው። በየሠፈራችን ባለፉት ሁለት ዓመታት ኩፍኝ የያዛቸውን ልጆች ቤት ለቤት ጠይቀን፣ ዛሬ እንዴት እንዳሉ በአማርኛና በኦሮምኛ በተዘጋጀ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ እንድንጽፍ አስበናል። የሰው ሕክምና ተማሪዎች ጥያቄዎቹን አርመውልናል። ፈቃደኛ የሆኑ ወንድሞችና እኅቶች ከፈተናው ሳምንት በፊት ስማቸውንና የሚሄዱበትን ወረዳ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ፤ ወረቀቱን ያባዛነው ለ200 ቤት ነው፤ ካነሰ እንጨምራለን።