ትንሽ ደሴት፥ ረጅም መንገድ

አንድ አገር በካርታ ላይ ትንሽ ሆኖ ስለ ታየ ብቻ ሕዝቡ በቀላሉ ይገናኛል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ለዚህም ምስክር እንድትሆነን ዛሬ የምንመለከታት በምሥራቅ ካሪብያን የምትገኘውን የዶሚኒካን ደሴት ነው። ኮሎምበስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1493 ዓ.ም. ባያት ጊዜ ቀኑ እሑድ ነበርና ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ከሰንበት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

አንባቢዎቻችን ይህችን ደሴት ከዶሚኒካን ሪፑብሊክ ጋር እንዳያምታቷት እናሳስባለን። ይህችኛዋ በ1978 ከእንግሊዝ ግዛት ነጻ የወጣች፥ ስፋቷ 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፥ ሕዝቧም ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ አገር ናት።

ስፋቷ ይህን ያህል ይነስ እንጂ፥ ምድሯ ከባሕር ቀጥ ብሎ የተነሣ ተራራ ነው። ከፍተኛው ጫፍ 1,447 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ መንገዶቿ ገደሉንና ወንዙን እየተከተሉ ይጠማዘዛሉ። በተራራ አገር ሰፊ ሜዳ እንደ ልብ አይገኝምና፥ ዋናው የአይሮፕላን ጣቢያ የተሠራው በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ በደቡብ ምዕራብ ወዳለችው ዋና ከተማ ወደ ሮዞ ለመድረስ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

የገጠሩ ሰው የሚጓዘው በትናንሽ አውቶቡሶች ነው። እነዚህም ሰው ሲሞላላቸው ይነሣሉ፤ ሲመሽና በሰንበት ቀን ግን እምብዛም አይገኙም። ወደ ጎረቤቶቹ ወደ ጉዋደሉፕና ወደ ማርቲኒክ በመርከብ ይኬዳል። ደሴቶቹን ለብዙ ዘመን ያገናኝ የነበረው፥ በ1956 የተቋቋመው ሊያት የተባለው የአይሮፕላን ኩባንያ በ2020 በዕዳ ተይዞ ሲወድቅ፥ የጎረቤት አገር እንኳ ሩቅ አገር ሆኖ ነበር።

ይሁን እንጂ የግንኙነት ነገር በእውነት የሚመዘነው በደኅና ቀን ሳይሆን በክፉ ቀን ነው። በነሐሴ ወር 2015 ኤሪካ የተባለው ማዕበል ባወረደው ዝናብ የአይሮፕላን ጣቢያው በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ ፔቲት ሳቫን የምትባለው መንደርም በናዳ ተመትታ መንገዷ ስለ ተቈረጠ፥ ነዋሪዎቿ ቀያቸውን ለቀው ወደ ሌላ ቦታ ለመስፈር ተገደዱ።

ከዚህ የባሰው በመስከረም 18 ቀን 2017 ሌሊት መጣ። ማሪያ የተባለው እጅግ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲመታ፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሩዝቬልት ስኬሪት የቤታቸው ጣራ መነቀሉን በፌስቡክ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ዝም አለች። የቴሌፎን ምሰሶዎች ወድቀው፥ መብራት ጠፍቶ፥ ድልድዮች ፈርሰው፥ ከመንደር መንደር የሚያደርስ መንገድ ታጣ። ጥቂት መልእክት ወደ ውጭ ያደረሱት በገዛ ፈቃዳቸው የሬዲዮ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ሲቈጠር 65 ሰዎች ሞተው ወይም ጠፍተው ተገኙ፤ የደረሰውም ጥፋትና ኪሣራ አገሪቱ በዓመት ከምታስገኘው ሀብት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ።

ከዚህ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ2021 መጨረሻ ከማያሚ ያለ ማቋረጥ የሚመጣ የአይሮፕላን በረራ ተጀመረ። መንግሥትም ለውጭ ባለ ሀብቶች ዜግነት በመስጠት ከሚያገኘው ገንዘብ ትልቅ የአይሮፕላን ጣቢያ ማሠራት ጀምሯል። ይህን ሐሳብ አንነቅፍም፤ ገበያም እንግዳም ያመጣልና። ነገር ግን በማሪያ ሌሊት ለተራበው ወይም ለቈሰለው ገበሬ የጐደለው ትልቅ አይሮፕላን አልነበረም፤ ሌላ የሚያሳልፍ መንገድ፥ ጎርፍ የማይወስደው ድልድይ፥ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሬዲዮ ነበር።

እንግዲህ ነገ የአገር ሥራ የሚረከቡ ተማሪዎችና በሥራ ላይ ያሉ ወጣት ሹማምንት ከዚህ የሚወስዱት ትምህርት አለ። አንድ መንገድ ብቻ ያለው መንደር፥ ያ መንገድ በተቈረጠ ቀን ምንም መንገድ እንደሌለው ነው። ቴሌፎኑም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመንገድ ወይም የመስመር ፕላን በፊታቸው ሲዘረጋ፥ «ስንት ደቂቃ ያሳጥራል?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት፥ «ይህ ቢቈረጥ በምን ይተካል?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ይመስለናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው፥ ድሩ ብዙ በመሆኑ ነው።